ውሾቹን በደህና ያደረሰው ሰው፦ የሊዮንሃርድ ሴፓላ አጭር የሕይወት ታሪክ

ከአዋሽ ሰባት ኪሎ ተነስቶ በገዋኔና በሚሌ አድርጎ ሰመራ የገባ ሰው መንገዱ እንዴት እንደሚረዝም ያውቀዋል። በመኪና እንኳን ሙቀቱ ያደክማል። በዚህ መንገድ ዳር ውሻ የምናየው ወይ ፍየል ሲጠብቅ፣ ወይ ጥላ ፈልጎ ተጋድሞ ነው። ውሻ ለውድድር ይሠለጥናል፣ በቡድን ይሰለፋል፣ ሐኪምም ይመደብለታል ቢባል ብዙዎቻችን እንስቃለን። እውነቱ ግን ይሄ ነው። በዚህ ስፖርት ስማቸው ከሚነሳው ሰዎች አንዱ ሊዮንሃርድ ሴፓላ ነው። የሱ አገር በረዶ፣ የእኛ ሐሩር ቢሆንም ሕይወቱ የሚያነሳው ጥያቄ የእኛም የትምህርት ክፍል ጥያቄ ነው፤ የሚሠራ እንስሳ እስከ ምን ድረስ ይታዘዛል? መቼስ ይብቃው ይባላል? (በጽሑፉ ውስጥ ያሉት ዓመቶች በሙሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

ሴፓላ የተወለደው በ1877 ዓ.ም. በሰሜን ኖርዌይ ነው። አባቱ ዓሣ አጥማጅና ብረት ቀጥቃጭ ስለነበር ልጁም ሁለቱንም ሙያ እያየ አደገ። በ1900 በአላስካ በምትገኘው ኖም በምትባል የባሕር ዳርቻ ከተማ ወርቅ ተገኘ ሲባል እንደ ብዙዎቹ የዘመኑ ወጣቶች እሱም እዚያው ሄደ። ወርቁ ያሰበውን ያህል አልሆነለትም። የአገሩ ልጅ በሆነው በያፌት ሊንደበርግ የማዕድን ኩባንያ ተቀጠረና ክረምት ክረምት በውሾች በሚጎተት የበረዶ ጋሪ ዕቃና መልእክት ማመላለስ ጀመረ። መኪናም ባቡርም በማይገባበት በዚያ አገር ውሻ ማለት ለእኛ ግመል እንደማለት ነበር።

ዕድሉ የተከፈተው በ1913 ነው። ሊንደበርግ ለዝነኛው የዋልታ ተጓዥ ለሮአልድ አሙንድሰን በስጦታ ሊሰጥ ያሰባቸውን የሳይቤሪያ ውሾች ሴፓላ እንዲያሠለጥናቸው አደረገ። የአንደኛው የዓለም ጦርነት መጥቶ የአሙንድሰን ጉዞ ሲቀር ውሾቹ ለሴፓላ ተሰጡት። የኖም ሰዎች በውሾቹ ትንሽነት ይስቁ ነበር። ያገሬው የጋሪ ውሻ ትልቅና ከባድ ሲሆን የሳይቤሪያው ክብደት ከ20 ኪሎ ብዙም አይዘልም።

በ1914 ሴፓላ እነዚህን ልምድ የሌላቸው ውሾች ይዞ ከኖም ካንድል ደርሶ የሚመለሰውን ትልቁን የአላስካ ውድድር ገባ። ርቀቱ 657 ኪሎ ሜትር ያህል ነው፤ ከአዋሽ ሰመራ ደርሶ ከመመለስ ብዙም አያንስም። ግን ምን ያደርጋል፣ ማዕበል ተነሳና መንገዱን ሳተ። ውሾቹ ወደ ባሕር የሚያወርድ ገደል አፋፍ ላይ ከደረሱ በኋላ በስንት መከራ ወደ ኋላ መለሳቸው። መዳፋቸው በበረዶ ቅርፊት ተቆራርጦ ይደማ ነበር። ሴፓላ ውድድሩን አቋርጦ ወጣ። ጥፋቱም የውሾቹ ሳይሆን የራሱ እንደሆነ አመነ፤ ያመኑትን እንስሳት አቅማቸውንም መንገዱንም ሳያውቅ አስገብቷቸዋልና።

በእኔ አስተያየት የሴፓላ ትልቅነት የሚጀምረው ከዚህ ሽንፈት ነው። በሚቀጥለው ዓመት የተመለሰው በደንብ ተዘጋጅቶ ነበር። የጋሪ ውሾች ሥልጠና ደረጃ በደረጃ የሚሄድ ነው። ቡችላው መጀመሪያ ከጎተራው ውጪ ከሰው ጋር ይለማመዳል፣ ቀጥሎ የመጎተቻ ጠፍር ይለብሳል፣ ከዚያ ሥራ ከሚያውቅ ትልቅ ውሻ ጎን ይታሰራል። ርቀቱ በየጊዜው በጥቂቱ ይጨመራል። ውሾቹ ጥንድ ጥንድ ሆነው ይሰለፋሉ። ከፊት ያለው መሪ ውሻ ቀኝና ግራ የሚለውን ትእዛዝ የሚያውቅ፣ አስፈላጊ ሲሆን ደግሞ በረዶው የማያስተማምን መሆኑን ተረድቶ ለማዘዝ የማይሰማ መሆን አለበት። ከኋላ ጋሪው አጠገብ ያሉት ጉልበተኞቹ ናቸው። በየማረፊያው ነጂው ራሱ ሳይበላ ውሾቹን ያበላል፣ መዳፋቸውን አንድ በአንድ ያያል፣ የቆሰለውን የጨርቅ ጫማ ያለብሳል። ሴፓላ በዚህ ዓይነት ጥንቃቄ በ1915፣ በ1916 እና በ1917 ተከታትሎ አሸነፈ።

ከውሾቹ ሁሉ ስሙ አብሮት የሚነሳው ቶጎ ነው። ቶጎ ቡችላ ሳለ በሽተኛና አስቸጋሪ ስለነበር ሴፓላ አይረባም ብሎ ለሰው ሰጥቶት ነበር። ውሻ በበላበት ይጮሃል ይባላል፤ ቶጎ ግን ከሚበላበት ቤት በመስኮት ዘሎ ወጥቶ ወደ ውሾቹ ተመለሰ። በ8 ወሩ ጠፍር ሲለብስ የተፈጥሮ መሪ መሆኑ ታየ። ሴፓላም ውሻን በቡችላነቱ ብቻ አይቶ መፍረድ ስህተት እንደሆነ ከዚያ ተማረ።

ትልቁ ፈተና የመጣው በጥር 1925 ነው። ኖም ውስጥ ዘጊ አናዳ (ዲፍቴሪያ) ገባ። ሕፃናት መሞት ጀመሩ፤ ከተማው የነበረው መድኃኒት ጊዜው አልፎበታል። አዲሱ መድኃኒት በባቡር ነናና ድረስ ከመጣ በኋላ ቀሪውን 1,085 ኪሎ ሜትር 20 ነጂዎች በውሾቻቸው እየተቀባበሉ በአምስት ቀን ተኩል አደረሱት። ለሴፓላ ነገሩ ከዜናም በላይ ነበር፤ የ8 ዓመት ልጁ ሲግሪድ ኖም ውስጥ ነበረች። 12 ዓመት የሆነውን ቶጎን ከፊት አድርጎ ወጣ። ሌሎቹ ነጂዎች በአማካይ 50 ኪሎ ሜትር ያህል ሲሄዱ እሱ መድኃኒቱን ለመቀበል የሄደውና ይዞ የተመለሰው ሲደመር 420 ኪሎ ሜትር ገደማ ሆነ። ቅዝቃዜው ከዜሮ በታች 30 ዲግሪ ሴልሺየስ ያለፈ ሲሆን፣ ሊሰበር የሚችለውን የኖርተን ባሕረ ሰላጤ በረዶም ሁለት ጊዜ አቋርጧል።

ክብሩ ግን ለሌላ ሆነ። መድኃኒቱን ኖም ይዞ የገባው የመጨረሻው ነጂ ጉናር ካሰን ሲሆን መሪ ውሻው ባልቶ ይባላል። በዚያው ዓመት መጨረሻ ኒው ዮርክ ውስጥ ለባልቶ ሐውልት ቆመለት። ባልቶም የሴፓላ ውሻ ነበር፤ ሴፓላ ግን ቶጎ ተረሳ ብሎ አዘነ። የሚገርመው ያው የተከበረው ባልቶ ከጓደኞቹ ጋር ተሸጦ ለትርዒት ማሳያ ሆነና በመጥፎ አያያዝ ተጎሳቆለ። በ1927 የክሊቭላንድ ከተማ ሕዝብ፣ ሕፃናቱ ሳይቀሩ፣ ገንዘብ አዋጥተው አወጡት። እንግዲህ ሐውልት ቆሞለት ቀለብና ንጹሕ መኝታ ያጣ ውሻ ነበር ማለት ነው። ቶጎ በበኩሉ በሜይን ግዛት በሴፓላ የውሻ ማርቢያ ጡረታ ወጥቶ በ1929 በ16 ዓመቱ ሞተ።

ሴፓላ በ1932 የሌክ ፕላሲድ የክረምት ኦሊምፒክ ላይ ለማሳያ በተደረገው የውሻ ጋሪ ውድድር ሁለተኛ ወጣ፤ ዕድሜው 54 ነበር። በ1967 በሲያትል ከተማ በ89 ዓመቱ አረፈ። ዛሬ ዓለም የሚያውቀው የሳይቤሪያ ሃስኪ ዝርያ በአሜሪካ የተስፋፋው በአብዛኛው በሱ ውሾች ነው።

ከ1973 ጀምሮ አላስካ ውስጥ ኢዲታሮድ የሚባል ረጅም የውሻ ጋሪ ውድድር ይካሄዳል። በሴፓላ ስም የሚሰጠው ሽልማት ታዲያ አንደኛ ለወጣው አይደለም። የውድድሩ የእንስሳት ሐኪሞች መርጠው ውሾቹን ከሁሉ በተሻለ ለተንከባከበ ነጂ የሚሰጡት ነው። ሦስት ጊዜ ላሸነፈ ሰው መታሰቢያ እንዲሆን የተመረጠው ይሄ ነው።

ከአሳሌ አሞሌ ጨው ጭኖ የሚወጣ የአፋር ግመል ነጂ ይህን ታሪክ ቢሰማ ብዙም የሚደነቅ አይመስለኝም። ጀርባው የቆሰለ ግመል ነገ እንደማይጫን ያውቃል። እኛ ግን ነገ የእንስሳት ባለሙያ ተብለን ስንወጣ የሚጠየቀን ብዙ ጊዜ ስንት ኪሎ ጫነ፣ በስንት ሰዓት ደረሰ የሚል ነው። እንስሳው እንዴት ሆኖ ደረሰ ብሎ የሚጠይቅ ከኛ በቀር ላይኖር ይችላል።