ሃርቪ ኩሺንግ እና በአፍንጫ በኩል የሚደረግ የፒቱታሪ ቀዶ ሕክምና

ሃርቪ ኩሺንግ እ.ኤ.አ. በ1869 በአሜሪካ ኦሃዮ ግዛት፣ ክሊቭላንድ ከተማ፣ ከሐኪሞች ቤተሰብ ተወለዱ። በ1895 ከሃርቫርድ የሕክምና ትምህርት ቤት ተመርቀው በጆንስ ሆፕኪንስ ሆስፒታል በዊሊያም ሃልስቴድ ሥር ሠለጠኑ። በ1901 ከጣሊያን ፓቪያ ያገኙትን የደም ግፊት መለኪያ ወደ አሜሪካ የቀዶ ሕክምና ክፍል አስገቡ። የአንጎል ቀዶ ሕክምና በአብዛኛው በሞት ይደመደም በነበረበት በዚያ ዘመን፣ ጥንቃቄና ዝርዝር መዝገብ አያያዝ የሥራቸው መለያ ሆኑ።

የፒቱታሪ ዕጢ ከአንጎል ሥር፣ በራስ ቅል ወለል ላይ ባለ ኮርቻ መሰል ጎድጓዳ ውስጥ ይገኛል። በዚህ ስፍራ የሚያድግ ቲዩመር ከበላዩ የሚያልፉትን የዕይታ ነርቮች በመጫን ለዕውርነት ሊዳርግ ይችላል። ኸርማን ሽሎፈር በ1907 በኢንስብሩክ በአፍንጫ በኩል ወደ ቲዩመሩ መድረስ እንደሚቻል አሳዩ፤ ሆኖም ዘዴያቸው ፊትን መሰንጠቅ የሚጠይቅ ነበር። ኩሺንግ የላይኛውን ከንፈር ከውስጥ በኩል ሰንጥቀው፣ በአፍንጫው መካከለኛ ግድግዳ ሥር አልፈው ስፊኖይድ የተባለውን አጥንት በመክፈት በፊት ላይ ጠባሳ የማይተው ስልት አዳበሩ። ከ1910 እስከ 1925 ባለው ጊዜ በዚህ መንገድ 231 የፒቱታሪ ቲዩመሮችን ቀደዱ፤ የሞት መጠኑም 5.6 በመቶ ነበር።

ይህን የመሰለ ውጤት ቢያስመዘግቡም፣ በ1920ዎቹ መገባደጃ ኩሺንግ ስልቱን ትተው የራስ ቅልን ከላይ ወደ መክፈት ዞሩ። ቲዩመሩ ወደ ላይ ምን ያህል እንደተስፋፋ ከቀዶ ሕክምናው በፊት በእርግጠኝነት ማወቅ አይቻልም ነበር። ከላይ በሚደረገው ቀዶ ሕክምና ደግሞ የዕይታ ነርቮችን በዓይን እያዩ ከጫናው ማላቀቅ ይቻላል። ተሰሚነታቸው ከፍተኛ ስለነበር፣ አብዛኞቹ የሙያ አጋሮቻቸው ፈለጋቸውን ተከተሉ፤ የአፍንጫው መንገድም ለመረሳት ተቃረበ።

ስልቱን ከመጥፋት ያተረፉት የራሳቸው ተማሪ ነበሩ። በ1920ዎቹ መጀመሪያ ቦስተን ድረስ ሄደው ከኩሺንግ የተማሩት ኖርማን ዶት፣ በኤደንብራ ሥራውን ሳያቋርጡ ቀጠሉ። ፈረንሳዊው ዠራር ጊዮ በ1956 ዶትን ጎብኝተው ስልቱን ወደ ፓሪስ ወሰዱ፤ የጊዮ ተማሪ የሆኑት የሞንትሪያሉ ዡል አርዲ ደግሞ በ1960ዎቹ የቀዶ ሕክምና ማይክሮስኮፕን አከሉበት። ከ1990ዎቹ ጀምሮ የተስፋፋው ኢንዶስኮፕም ይህንኑ መተላለፊያ የተከተለ ነው። ኩሺንግን ያሳሰባቸው የዕይታና የመረጃ ውስንነት በማጉሊያና በምስል መሣሪያዎች በእጅጉ ተቃለለ።

ኩሺንግ በ1932 ከፒቱታሪ ትንንሽ ቲዩመሮች ጋር የተያያዘውንና ዛሬ በስማቸው የሚጠራውን በሽታ በጽሑፍ አብራሩ፤ በ1939 በኒው ሄቨን አረፉ። ለዚህ በሽታ ዛሬ በቅድሚያ የሚመረጠው ሕክምና ቲዩመሩን እርሳቸው በተዉት መንገድ፣ በአፍንጫ በኩል፣ ማውጣት ነው።