ማሪ ኩሪ፣ ሁለት ልጆቿ እና ጨረሩ

ከማጀቴም ሆነ ከሸዋ ሮቢት ለካንሰር ጨረር የታዘዘለት ሰው ለብዙ ዓመታት መሄጃው አንድ ነበር፤ አዲስ አበባ፣ ጥቁር አንበሳ። በአገሪቱ ሌላ የጨረር ሕክምና አልነበረም። ለዚህ ሕክምና መሠረት ከጣሉት ሰዎች አንዷ ማሪ ኩሪ ናት። ጨረሩ ግን እሷንም ልጇንም አልማረም።

ማሪ በ1867 ዋርሶ ተወለደች (ዘመኑ ሁሉ እ.ኤ.አ. ነው)። እዚያ ዩኒቨርሲቲው ሴት ስለማይቀበል ፓሪስ ሄዳ ተማረች። በ1898 ከባሏ ከፒየር ጋር ፖሎኒየምንና ራዲየምን አገኙ። በ1903 በፊዚክስ፣ በ1911 በኬሚስትሪ ኖቤል ተሸለመች። ይሄን ጉግልም ይነግራችኋል፤ እኔን የሚገርመኝ ሌላው ነው። ፒየር የራዲየምን ጉልበት ለማየት ክንዱ ላይ አድርጎት ቆዳው ተቃጥሏል። ጉዳቱን በዓይናቸው እያዩ ሥራውን አላቆሙም።

ፒየር በ1906 በጋሪ ተገጭቶ ሞተ። በአንደኛው የዓለም ጦርነት ማሪ የራጅ መሣሪያ መኪና ላይ ጭና ቁስለኛ ታነሳ ነበር። ልጇ አይሪንም ገና በ17 ዓመቷ ሥራውን ጀመረች። ያኔ ይሄ ነው የሚባል መከላከያ የለም።

ማሪ በ1934 መቅኒዋ ደም ማምረት አቅቶት በ66 ዓመቷ አረፈች። አይሪን እሷም ኖቤል ከወሰደች በኋላ በ1956 በደም ካንሰር ሞተች፤ 58 ዓመቷ ነበር። ላቦራቶሪ ያልገባችው ታናሽ እህቷ ኢቭ ግን 102 ዓመት ኖረች።

እናትና ልጅ ሲሆኑ ነገሩን በዘር ማሳበብ ይቀላል። ግን ሁለቱ የተካፈሉት ደም ብቻ አይደለም፣ ላቦራቶሪም ነው። ከአንድ ቤተሰብ ተነስቶ ይሄን መለየት አይቻልም። ዘር ድርሻ እንዳለው የታወቀው ቆይቶ፣ በሌሎች ሕመምተኞች ነው። ጨረር ዲኤንኤን ሲሰብር ጥገናውን የሚያስጀምር ኤቲኤም የሚባል ጂን አለ። ይህ ጂን ከእናትም ከአባትም ተበላሽቶ የደረሳቸው ልጆች ሌላው ታካሚ የሚችለውን ጨረር አይችሉም፤ ለካንሰርም ይበልጥ የተጋለጡ ናቸው። በዘር የሚመጣ የዓይን ካንሰር ያለበት ሕፃን ደግሞ በጨረር ከታከመ፣ ከዓመታት በኋላ ጨረሩ ያረፈበት ቦታ ላይ ሌላ ካንሰር የመውጣት ዕድሉ ከፍ ይላል። ስለዚህ ሐኪም ስለ ቤተሰባችሁ በሽታ ሲጠይቃችሁ ለወሬ እንዳይመስላችሁ። (አንድ ራጅ ተነሳሁ ብሎ መደንገጥ ግን አያስፈልግም፤ የዛሬው መጠን በጣም ትንሽ ነው።)

በ1995 የማሪ አጽም ወደ ፓንቴዮን ሲዛወር የሬሳ ሳጥኑ ጨረር ተለካ። የተገኘው ከተፈራው ያነሰ ስለነበር፣ ባለሙያዎቹ ለሞቷ ከራዲየሙ ይልቅ የጦርነቱን ራጅ ጠረጠሩ። አይሪንም የቆመችው እዚያው መሣሪያ አጠገብ ነበር።