ቻርሊ ቻፕሊንና ያልጠፉት ፊልሞቹ

ቻርሊ ቻፕሊን በ1889 (እ.ኤ.አ.) ለንደን ውስጥ ከዘፋኞች ቤተሰብ ተወለደ። ድህነቱ ስለከፋ በ7 ዓመቱ የድሆች መጠለያ ገባ። በኋላ አሜሪካ ሄዶ በ1914 ያቺን ባርኔጣና ከዘራ ይዞ ፊልም ላይ ብቅ አለ።

ቁም ነገሩ እዚህ ላይ ነው፦ ከ1918 ወዲህ የሠራቸውን አብዛኞቹን ፊልሞች ባለቤትነት በእጁ አደረገ። ከዘመኑ ድምፅ አልባ ፊልሞች አብዛኞቹ ሲጠፉ የሱ ግን ጠባቂ ስለነበራቸው ተረፉ። በ1952 አሜሪካ እንዳይመለስ ቢከለከልም፣ በ1977 ስዊዘርላንድ ቢሞትም፣ ፊልሞቹ በ2003 ታድሰው በዲቪዲ ወጡ።

እነዚህን ፊልሞች ነቀምቴ ላይ ብንከፍታቸው አማርኛም ሆነ አፋን ኦሮሞ ተናጋሪው ያለ አስተርጓሚ ይስቃል። እንግዲህ የኛም ፊልም ሠሪዎች ከዚህ ይማሩ፤ ፊልም መሥራት ብቻ ሳይሆን ዋናውን ቅጂ ማቆየትም ሥራ ነው።