ስኳርን ከስኳር የለየው ሰው

አንድ ነገር ልጠይቃችሁ። በአንዱ ብርጭቆ ግሉኮስ፣ በሌላው ፍሩክቶስ በውሃ አሟሙቼ ባቀርብላችሁ የትኛው የቱ እንደሆነ በዓይናችሁ ትለያላችሁ? ምላስ ትንሽ ይረዳ ይሆናል፤ ፍሩክቶስ ይበልጥ ይጣፍጣልና። ኬሚስት ግን ምላሱን አምኖ አይፈርድም። ተመዝነው ቢመረመሩም ሁለቱም ያው 6 ካርቦን፣ 12 ሃይድሮጅንና 6 ኦክስጅን ናቸው። ልዩነቱ አተሞቹ የተደረደሩበት አኳኋን ላይ ነው። ያንን ልዩነት ከሙከራ ቱቦ አውጥቶ ያሳየን ጀርመናዊው ኤሚል ፊሸር ነው። ተማሪዎቻችን የፊሸር ንድፍ እያሉ ስሙን ይጠሩታል፤ ሰውየው ምን ዓይነት ኑሮ እንደኖረ ግን ማንም አይነግራቸውም። ይሄ ሁሌም ይከነክነኛል።

ፊሸር የተወለደው ኦክቶበር 9 ቀን 1852 እ.ኤ.አ. ቦን ከተማ አጠገብ ባለችው ኦይስኪርኸን ነው። አባቱ ሀብታም ነጋዴ ነበር፤ ልጁም የእንጨት ንግዱን እንዲይዝለት ይፈልግ ነበር። ሞከረው፤ አልሆነም። አባትየው ልጁ ለነጋዴነት የሚበቃ ጭንቅላት የለውምና ይማር ብሎ በ1871 ወደ ቦን ዩኒቨርሲቲ ላከው ይባላል። ስንቱ አባት እንዲህ ብሎ ሳያስበው ልጁን መርቋል!

ከቦን ወደ ስትራስቡርግ ሄደ። ፊዚክስ ልማር ብሎ ሲያመነታ የአጎቱ ልጅ ኦቶ ኬሚስትሪን እንዳይተው መከረው። እዚያም ከታላቁ አዶልፍ ፎን ባየር እጅ ገባና በ1874 ዶክተር ሆነ። በማግስቱ ዓመት፣ ገና ወጣት ሳለ፣ ዕድሜ ልኩን የሚከተለውን ነገር አገኘ፦ ፊኒልሃይድራዚን። የሚገለገልበትም የሚጎዳበትም ይኸው ነበር።

እንግዲህ በዚያን ዘመን ስኳር ማጥናት ማለት ምን እንደሆነ ልንገራችሁ። ስኳሮች በቀላሉ ክሪስታል አይሠሩም፤ የሚያጣብቅ ሽሮፕ ሆነው ይቀራሉ። ለማጥራት አይመቹም፤ ካልጠሩ ደግሞ ማንነታቸው አይታወቅም። ያሉት መለያዎች ጥቂት ነበሩ። ፌሊንግ የተባለው ኬሚስት ያዘጋጀው ሰማያዊ የመዳብ ውህድ ከግሉኮስ ጋር ሲሞቅ እንደ ሸክላ ይቀላል። የቶለንስ ደግሞ በሙከራ ቱቦው ግድግዳ ላይ ብር ለብጦ መስተዋት ያስመስለዋል። ሻይ ውስጥ የምንጨምረው ስኳር ለሁለቱም ምላሽ አይሰጥም። በእርግጥ ይሄም ቀላል ነገር አይደለም፤ ገበያ ላይ ማር ነው ተብሎ ተራ የስኳር ሽሮፕ ቢቀርብላችሁ የፌሊንጉ ሰማያዊ ሳይቀላ ይቀርና ያጋልጠዋል። ብልጥ አጭበርባሪ ግን ስኳሩን ቀድሞ በአሲድ ሰብሮ ወደ ግሉኮስና ፍሩክቶስ ከለወጠው ሙከራው አለቀለት። ለምን ቢባል፣ ሁለቱም ያቀሉታል፤ ስለዚህ እርስ በርስ አይለያቸውም።

ፊሸር በ1884 ያንን የራሱን ፊኒልሃይድራዚን በስኳር ላይ ሞከረው። ስኳሩን አሟሙቶ፣ ፊኒልሃይድራዚን ጨምሮ፣ በፈላ ውሃ ማሞቅ ነው፤ ሌላ ጣጣ የለውም። ያ እምቢተኛ ሽሮፕ ቢጫ ክሪስታል ይጥላል። ኦሳዞን ብሎ ጠራው። ፍሩክቶስ በ2 ደቂቃ ገደማ ቢጫውን ያሳያል፤ ግሉኮስ ወደ 5 ደቂቃ ይፈልጋል። የወተትና የብቅል ስኳር ትኩስ ሳሉ ምንም አያሳዩም፤ ሲቀዘቅዙ ነው የሚታዩት። እኔ ተማሪ ሳለሁ ይህንን በማይክሮስኮፕ አይቼዋለሁ፦ የግሉኮሱ እንደ ታሰረ መጥረጊያ ቀጫጭን መርፌ፣ የብቅሉ እንደ ሱፍ አበባ፣ የወተቱ እንደ ተባዘተ ጥጥ። አንዴ ያየ ሰው አይረሳውም።

ዋናው ነገር ግን ሌላ ነው። ግሉኮስ፣ ፍሩክቶስና ማኖስ የሚሰጡት ኦሳዞን አንድ ዓይነት ነው። ሌላ ሰው ቢሆን ሙከራው አይለይም ብሎ ይተወው ነበር። ፊሸር ግን መመሳሰሉን ራሱን ማስረጃ አደረገው። መድኃኒቱ የሚነካው የመጀመሪያዎቹን ሁለት ካርቦኖች ብቻ ነው፤ በዚያ ላይ ያለውን ልዩነት ያጠፋዋል። በሻሻቸው ብቻ የሚለዩ መንትዮች ሻሻቸውን አውልቀው ብታዩአቸው እንደማለት ነው። ሻሹ ሲወልቅ አንድ ከሆኑ፣ የቀሩት አራት ካርቦኖች አደራደር አንድ ነው ማለት ነው።

በዚህ መንገድ፣ የቫንት ሆፍን ንድፈ ሐሳብ ይዞ፣ እንደ ግሉኮስ ያሉ ስኳሮች ሊኖሩ የሚችሉት 16 መሆናቸውን ተነሥቶ የግሉኮስን ቦታ በ1891 አስቀመጠ። አንድ ነገር ብቻ ማረጋገጥ አልቻለም፤ ትክክለኛው ቅርጽ እሱ የሳለው ነው ወይስ የመስተዋት ግልባጩ? ከሁለት አንዱን መረጠ፣ በግምት። በ1951 ሆላንዳዊው ባይፉት በኤክስሬይ ሲመረምር ግምቱ ልክ ሆኖ ተገኘ። ፊሸር ከሞተ 32 ዓመት ሆኖት ነበር።

በጎን ደግሞ የእኛን ቡና የሚነካ ሥራ ሠርቷል። ካፌይንን በ1895 ከቡና ቅንጣት ሳይሆን ከቤተ ሙከራ ሠርቶ አወጣው። የቡናው ካፌይን፣ የካካዎው ቲዮብሮሚንና ሻይ ውስጥ የሚገኘው ቲዮፊሊን በአንዲት ትንሽ ክፍል ብቻ የሚለያዩ የአንድ ቤት ልጆች መሆናቸውን፣ ዩሪክ አሲድም ዘመዳቸው መሆኑን አሳየ። ቤተሰቡንም ፑሪን ብሎ ሰየመው። ለስኳሩና ለፑሪኑ ሥራ በ1902 የኬሚስትሪ ኖቤል ተሸለመ፤ በዘርፉ ሁለተኛው ሰው ነው።

ዋጋውስ? ፊኒልሃይድራዚን መርዝ ነው። የደም ሴሎችን ይሰብራል፣ ቆዳን ያቆስላል። ጓንትና የጢስ ማውጫ እንደልብ ባልነበረበት ዘመን ፊሸር ዓመታት ሙሉ ሲተነፍሰው ኖረ። ቆዳው ታመመ፣ ሆዱም ሰላም አልሰጠውም። ስኳር ለሚመረምር ሰው የተሻለ መሣሪያ አልነበረምና ሥራውን አልተወም። ጀግንነት ልበለው ወይስ ግትርነት? እኔ ሁለተኛው ያደላብኛል፤ ግን ያ ግትርነት ባይኖር የስኳርን ቅርጽ በዚያ ዘመን ባላወቅን ነበር።

ቤቱም አልቀናውም። ሚስቱ አግነስ በተጋቡ በ7ኛው ዓመት፣ በ1895፣ ሦስት ወንዶች ልጆች ትታለት ሞተች። እንደገና አላገባም። የመጀመሪያው የዓለም ጦርነት ሲነሣ የጀርመንን ጦር የሚደግፈውን የ93 ምሁራን መግለጫ ከፈረሙት አንዱ ነበር። ያ ጦርነት ሳያልቅ ሁለት ልጆቹን ቀበረ። እሱም ካንሰር ይዞት ጁላይ 15 ቀን 1919 በርሊን ውስጥ አረፈ።

የቀረው ሦስተኛው ልጅ ሄርማን ነው። እሱም ኬሚስት ሆነ፣ ያውም የስኳር። ከጀርመን ወጥቶ በስዊዘርላንድና በካናዳ አልፎ ካሊፎርኒያ በርክሌይ ገባ። በስደቱ ሁሉ አባቱ በእጁ የሠራቸውን ውህዶች የያዙትን ጠርሙሶች ይዞ ዞረ።