የላኒያዶው ረቢ፦ ጸሎትንና ሕክምናን በአንድ ጣሪያ ሥር ያኖሩት አባት

በናታኒያ ከሚኖረው የእኛ ማኅበረሰብ መካከል ላኒያዶ ሆስፒታልን የማያውቅ ቤተሰብ ማግኘት ያስቸግራል። አንዱ ልጁን የወለደው እዚያ ነው፤ አንዱ እናቱን ያስታመመው እዚያ ነው፤ ሌላውም በሌሊት ልቡን ሲያመው የሮጠው ወደዚያው ነው። ይህን ሆስፒታል ያቋቋሙት ሰው ግን ሐኪም አልነበሩም። ዕድሜያቸውን ሙሉ ኦሪትና ታልሙድ ሲማሩና ሲያስተምሩ የኖሩ ረቢ ነበሩ።

ሃይማኖት የያዘ ሰው ሳይንስን ይሸሻል፣ ሳይንስ የተማረም ፈጣሪውን ይረሳል የሚል ነገር በየቤቱ ይሰማል። አያትና የልጅ ልጅ የሚከራከሩበት ቤትም አይጠፋም። የእኚህ ረቢ ታሪክ ለእንዲህ ያለው ክርክር ይጠቅማል። እሳቸው መልሱን የሰጡት በቃል ሳይሆን በሥራ ነውና።

ረቢ የቁቲኤል የሁዳ ሃልበርሽታም የተወለዱት እ.ኤ.አ. በ1905 ሩድኒክ በምትባል ትንሽ ከተማ ነው። ከተማዋ ያን ጊዜ በኦስትሪያና ሃንጋሪ ንጉሥ ግዛት ሥር ነበረች፤ ዛሬ በፖላንድ ውስጥ ትገኛለች። አባታቸው የከተማዋ ረቢ ነበሩ። ቅድመ አያታቸው ደግሞ የጻንዙ ረቢ ሃይም ሃልበርሽታም ናቸው። እኚህ ሰው ገንዘብ በቤታቸው አድሮ እንዲያነጋ የማይፈቅዱ፣ በእጃቸው የገባውን ሁሉ ለድሃ የሚያከፋፍሉ ነበሩ ይባላል። ልጁ የቁቲኤል አባታቸው የሞቱባቸው ገና በልጅነታቸው ነው። ትምህርት ግን አላቋረጡም። ሃያዎቹን ዓመታት እንደ ጀመሩ ክላውዘንበርግ በምትባለው፣ ዛሬ በሩማንያ ውስጥ ክሉዥ ተብላ በምትጠራው ከተማ ረቢ ሆነው ተሾሙ። የክላውዘንበርግ ረቢ የሚለው ስም የወጣላቸው ከዚያ ነው።

በ1944 የናዚ ጀርመን ጦር ሃንጋሪን ያዘ። ክላውዘንበርግም ያን ጊዜ በሃንጋሪ እጅ ስለነበረች የከተማዋ አይሁዶች ተለቅመው ወደ ሞት ካምፕ ተጋዙ። ረቢውም አውሽዊትዝ ገቡ። በዚያ መከራ ሚስታቸውን አጡ። አሥራ አንድ ልጆች ነበሯቸው፤ አንድም አልቀረላቸውም። ከጦርነቱ የተረፈው የመጨረሻው ልጅ እንኳ አባትና ልጅ ሳይገናኙ በሕመም ሞተ።

በአውሽዊትዝ ከባቡር የሚወርደውን ሕዝብ ለሞትና ለሥራ የሚለዩት ሰዎች እነማን እንደነበሩ ልብ ማለት ያስፈልጋል። በዩኒቨርሲቲ የተማሩ ሐኪሞች ነበሩ። እውቀት አላነሳቸውም፤ ያነሳቸው ፈሪሃ እግዚአብሔርና ለሰው የሚራራ ልብ ነው። ቆመው በጣታቸው ወደ ግራ ወይም ወደ ቀኝ ሲያሳዩ ሕፃናትና ሽማግሌዎች ወደ ጋዝ ክፍል ይነዱ ነበር። እዚያ የነበረ አይሁዳዊ፣ እውቀት ብቻውን ሰውን ጥሩ እንደማያደርግ ከመጽሐፍ መማር አላስፈለገውም።

ረቢው ከአውሽዊትዝ የዋርሶን ጌቶ ፍርስራሽ እንዲጠርጉ ተወሰዱ፤ ከዚያም በዳካው ካምፕ ሥር ወደነበሩ የጉልበት ሥራ ቦታዎች ተላኩ። ጦርነቱ ሊያበቃ ሲቃረብ ክንዳቸውን በጥይት ተመቱ። ደማቸው ይፈሳል፤ ወደ ካምፑ ሕክምና ክፍል መሄድ ግን ፈሩ። እዚያ የገባ በሽተኛ ተመልሶ አይወጣም ነበርና። ስለዚህ ከዛፍ ቅጠል ቀጥፈው ቁስላቸው ላይ አደረጉ፤ አሠሩትም። ቅጠል ለቁስል መድኃኒት ሲሆን በአገር ቤት ላደገ ሰው እንግዳ ነገር አይደለም። ቁስሉም ዳነ።

በዚያች ቀን አንድ ስእለት ተሳሉ። ከዚህ ጉድ በሕይወት ከወጣሁ በእስራኤል ምድር ሆስፒታል እሠራለሁ አሉ በልባቸው። የሚገባው ሰው ማንም ይሁን ማን ክብሩ ተጠብቆ ይታከማል። ሐኪሞቹና ነርሶቹም በዓለም ላይ ፈጣሪ እንዳለ የሚያምኑ፣ በሽተኛን ሲያክሙ ከሚጽቫዎች ሁሉ ትልቁን እየፈጸሙ መሆናቸውን የሚያውቁ ይሆናሉ። ስእለቱ ይህ ነበር። ልብ በሉ፣ ከሞት ቢያወጣኝ ቤተ ጸሎት እሠራለሁ አላሉም። ሐኪም መግደያ በሆነበት ቦታ ቆመው፣ ሐኪም ማዳኛ የሚሆንበትን ቤት ነው የተመኙት።

በ1945 ነፃ ሲወጡ ለራሳቸው ለቅሶ እንኳ አልተቀመጡም ማለት ይቻላል። በጀርመን ውስጥ ከሞት የተረፉ አይሁዶች በተሰበሰቡባቸው መጠለያዎች የሺቫዎችንና የሴት ልጆች ትምህርት ቤቶችን ከፈቱ፤ እናት አባት ለሌላቸው ልጆች አባት ሆኑ። በ1947 ወደ ኒው ዮርክ ሄዱ። እዚያም ዳግመኛ ትዳር መሥርተው እንደገና ልጆች ወለዱ። ዓይናቸው ግን ወደ እስራኤል ነበር። በ1956 በናታኒያ ሰሜናዊ ዳርቻ፣ ከባሕሩ አጠገብ፣ ቂርያት ጻንዝ የሚባለውን ሰፈር መሠረቱ። በ1960 እሳቸውም መጥተው ገቡበት።

ሆስፒታሉ ግን እንደ ሰፈሩ ቶሎ አልቆመም። ገንዘብ አልነበረም። ረቢው ወደ አሜሪካም ወደ አውሮፓም እየተመላለሱ ዓመታት ለመኑ። በመጨረሻ በስዊዘርላንድ ይኖሩ የነበሩ ላኒያዶ የሚባሉ ወንድማማቾች ከተዉት ሀብት ትልቅ እርዳታ ተገኘ፤ ስሙም በእነሱ ሆነ። በ1970ዎቹ አጋማሽ ላኒያዶ በሩን ከፈተ። የካምፑ ስእለት ከተፈጸመበት ቀን ድረስ ሠላሳ ዓመት ገደማ አለፈ ማለት ነው።

እዚህ ላይ ጠያቂ ሊነሣ ይችላል። በሽታም ፈውስም ከእግዚአብሔር ከሆነ ሰው ለምን ሐኪም ዘንድ ይሄዳል? ጥያቄው የቆየ ነው፤ መልሱም እንደዚሁ። ኦሪት ዘፀአት ሰውን ያቆሰለ ሰው የሚታከምበትን እንዲከፍል ያዛል። የእስራኤል ሊቃውንትም ሐኪም እንዲያክም ፈቃድ የተሰጠው ከዚያ ነው ብለው አስተማሩ። በ1204 ያረፉት ታላቁ ራምባም የሕግ ሊቅም ሐኪምም ነበሩ። በግብፅ ለቤተ መንግሥት ሰዎች መድኃኒት ያዝዙ ነበር፤ ቤታቸው ሲመለሱም በሽተኞች በር ላይ ይጠብቋቸው ነበር። ረቢ ሃልበርሽታም ከዚህ መንገድ አልወጡም።

ይህ ማለት ግን ችግር አልነበረም ማለት አይደለም። ሆስፒታል በሰንበትም ይሠራል፤ ማሽን ይበራል፣ መኪና ይነዳል። ሰንበት እንዴት ይከበር ነበር? በአገር ቤት እሳት እንኳ ሳይነካ ሰንበትን ላከበረ ሽማግሌ ይህ ቀላል ጥያቄ አይደለም። መልሱ ፒኩአህ ኔፌሽ ነው፤ ነፍስ ማዳን ሰንበትን ይበልጣል። ራምባም እንደሚያስተምሩት ለሞት የሚያሰጋ ሕመም ሲመጣ ሰንበትን ጥሰው የሚረዱት ታላላቆቹና ሊቃውንቱ ራሳቸው መሆን አለባቸው እንጂ ሥራው ለሌላ ሰው ተገፍቶ አይሰጥም። ማኅበረሰባችን ይህን ሕግ በራሱ አይቶታል። በግንቦት 1991 ዘመቻ ሰሎሞን ከአዲስ አበባ ከ14 ሺህ በላይ ሰዎችን ያመጣው ዓርብና ሰንበት በበረሩ አውሮፕላኖች ነው። በአየር ላይ የተወለዱ ሕፃናትም ነበሩ። ያን ቀን ሰንበት ተሻረ ያለ የለም፤ ነፍስ ዳነ ነው የተባለው።

በላኒያዶም አስቸኳይ የሆነው ሁሉ ሳይዘገይ ይሠራል፤ ሊቆይ የሚችለው ደግሞ ሰንበት እስኪወጣ ይቆያል። ሳይንስ ይቻላል ያለውን ሁሉ ማድረግም አልነበረም የረቢው መንገድ። ለምሳሌ አስከሬን ለምርመራ መቅደድ በእስራኤል በ1960ዎቹ ብዙ ያጣላ ጉዳይ ነበር። ሃይማኖተኛው ሕዝብ የሟችን ክብር ይነካል ብሎ ሆስፒታል እስከ መፍራት ደርሶ ነበር። ረቢው ግን በዚህ ምክንያት ሕክምናን አልጠሉም። ሕግ የሚከበርበት፣ ሕክምናውም ከማንም የማያንስ ቤት ማቆምን መረጡ። ነርሶችም በዚሁ መንፈስ እንዲሠለጥኑ የነርሶች ትምህርት ቤት ከሆስፒታሉ ጋር ተቋቋመ።

ሌላም ጥብቅ ደንብ ነበራቸው። ላኒያዶ ውስጥ የሥራ ማቆም አድማ የለም። በ1983 የእስራኤል ሐኪሞች ለወራት አድማ ሲመቱ ላኒያዶ በሩን አልዘጋም። ሕክምና ሚጽቫ ከሆነ ሰው ከሚጽቫ አድማ አይመታም ማለት ነው። በሩም ለሃይማኖተኛውና ለማያጠብቀው፣ ለአይሁዱና ለአረቡ እኩል ክፍት ነው።

ረቢ ሃልበርሽታም በሰኔ 1994 በሰማንያ ዘጠኝ ዓመታቸው አርፈው በናታኒያ ተቀበሩ። ካረፉ ከስምንት ዓመት በኋላ፣ መጋቢት 27 ቀን 2002፣ በፋሲካ የሰደር ምሽት፣ በዚሁ ከተማ ፓርክ ሆቴል ውስጥ አጥፍቶ ጠፊ ቦምብ አፈነዳ። ሠላሳ ሰዎች ሞቱ፤ ከመቶ በላይ ቆሰሉ። ከቁስለኞቹ ብዙዎቹ የተወሰዱት ወደ ላኒያዶ ነው። በየቤቱ ማዕዱ ተዘርግቶ ነበር። በሆስፒታሉ ግን በዓል ነው ብሎ የቆመ እጅ አልነበረም። ክንዱን በጥይት ተመቶ የሕክምና ክፍል የፈራው እስረኛ የተሳለው ስእለት፣ በዚያች ሌሊት ለማያውቃቸው ሰዎች መድኃኒት ሆነ።