ቶም ምቦያ

ቶማስ ጆሴፍ ኦዲያምቦ ምቦያ (ነሐሴ 9 ቀን 1922 ዓ.ም. – ሰኔ 28 ቀን 1961 ዓ.ም.) የኬንያ የሠራተኛ ማኅበር መሪ፣ ፖለቲከኛና የኢኮኖሚ ዕቅድና ልማት ሚኒስትር ነበሩ። (ከዚህ በታች ያሉት ዓመታት በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

ምቦያ በትውልድ ሉኦ ቢሆኑም የተወለዱት ከሉኦዎች አገር ርቆ፣ በቲካ አቅራቢያ አባታቸው በሚሠሩበት የአንድ ነጭ ሰፋሪ የቃጫ እርሻ ላይ ነው። በናይሮቢ ከተማ ምክር ቤት የጤና ጥበቃ ተቆጣጣሪ ሆነው ከሠሩ በኋላ በ1953 የኬንያ የሠራተኞች ፌዴሬሽን ዋና ጸሐፊ ሆኑ። ከ1959 ጀምሮ ወጣቶችን በአውሮፕላን ወደ አሜሪካ ኮሌጆች የላከውን ዘመቻ አስተባብረዋል፤ በመጀመሪያው ዙር 81 ተማሪዎች ሄደዋል።

በ1961 ምርጫ በናይሮቢ ምሥራቅ ሲወዳደሩ አብዛኞቹ መራጮች ኪኩዩዎች ነበሩ። ተፎካካሪያቸው ሙንዩዋ ዋያኪም ኪኩዩ ነበሩ። ሆኖም ምቦያ በሰፊ ልዩነት አሸነፉ። በኬንያ ፖለቲካ እንዲህ ያለ ውጤት ብዙ ጊዜ አልታየም።

የኢኮኖሚ ዕቅዱ

ዛሬም ድረስ የሚያከራክረው ሥራቸው ስለ አፍሪካ ሶሻሊዝም በ1965 ያወጡት የመንግሥት ሰነድ ቁጥር 10 ነው። ስሙ ሶሻሊዝም ይሁን እንጂ ሰነዱ የግል ሀብትንና የውጭ ካፒታልን ይቀበላል። የኋላው የአሜሪካ ፕሬዚዳንት አባት፣ ኢኮኖሚስቱ ባራክ ኦባማ፣ በዚያው ዓመት በጽሑፍ ተችተውታል።

ሰነዱ የልማት ገንዘብ ጥሩ መሬት፣ ዝናብ፣ መንገድና መብራት ወዳለበት ቦታ ቢሄድ ቶሎ ፍሬ ይሰጣል፣ ትርፉም በኋላ ለሌሎቹ ይዳረሳል ይላል። በሒሳብ ያስኬዳል። ነገር ግን በኬንያ የባቡር ሐዲዱና መንገዱ የተዘረጋው ነጭ ሰፋሪዎች ለም መሬት በያዙበት አካባቢ ሲሆን፣ እያንዳንዱ አካባቢም በአመዛኙ የአንድ ብሔር መኖሪያ ነበር። ስለዚህ ብሔር የሚል ቃል ሳያስፈልገው ደንቡ ገንዘቡን በብሔር ከፋፈለው። ከኢትዮጵያና ከሶማሊያ የሚዋሰነው ደረቁ ሰሜን ወደኋላ ቀረ። የ2010 ሕገ መንግሥት ለተጎዱ አካባቢዎች ከብሔራዊ ገቢ 0.5 በመቶ የሚመደብለት ማካካሻ ፈንድ ያቋቋመው ከ45 ዓመት በኋላ ነው።

ግድያው

ምቦያ የሉኦዎች ዋና መሪ የነበሩት ኦጊንጋ ኦዲንጋ በ1966 ከሥልጣን እንዲገለሉ በማድረግ ከፕሬዚዳንት ኬንያታ ጎን ቆመው ነበር። ይሁንና በ38 ዓመታቸው ናይሮቢ ውስጥ ከአንድ መድኃኒት ቤት ሲወጡ በጥይት ተገደሉ። ናሃሾን ንጄንጋ የተባለ ኪኩዩ ተፈርዶበት በስቅላት ተቀጣ፤ ከኋላው ማን እንደነበረ ግን በፍርድ ቤት አልታወቀም። በሕይወት ሳሉ የተቃወሟቸው ሉኦዎች ሳይቀሩ ግድያውን እንደ ብሔር ጥቃት ቆጠሩት። በጥቅምት ወር ኬንያታ ሆስፒታል ለመመረቅ ኪሱሙ ሲደርሱ ሕዝቡ ተቃውሞ አሰማ፤ ጠባቂዎችም ተኩሰው ሰዎች ገደሉ። በቀናት ውስጥ የኦዲንጋ ፓርቲ ታገደ፣ እሳቸውም ታሰሩ።

ምቦያ የተቀበሩት በቪክቶሪያ ሐይቅ ባለችው ሩሲንጋ ደሴት ነው።