ራሱን ወደ ሰሜን አድርጎ የተኛው እግረኛ፦ የጆን ክሌር የሕይወት ታሪክ

በእንግሊዝ አገር ሄልፕስተን በምትባል መንደር አንድ ትንሽ ልጅ ነበረ። ሰማይና ምድር የሚገናኙበትን መስመር ከሩቅ ሲያይ የዓለም መጨረሻ እዚያ ይመስለው ነበር። አንድ ቀን ለማንም ሳይናገር ያን መጨረሻ ለማየት ተነሣ። ጫፉ ላይ ሲደርስ እንደ ጉድጓድ አፍ ወደ ታች ተመልክቶ የዓለምን ምሥጢር ሊያይ ነበር አሳቡ። ሜዳውንና ቁጥቋጦውን አቋርጦ ሲሄድ ዋለ። ወደ መስመሩ በቀረበ ቁጥር መስመሩ ይሸሸዋል። አበቦቹና ወፎቹ እንግዳ ሆኑበት፤ ፀሐይዋ እንኳ በማያውቀው በኩል የምትሄድ መሰለው። ሲመሽ እንደ ምንም ቤቱ ሲደርስ ወላጆቹ በጭንቀት፣ የመንደሩም ሰው እኩሌታ እሱን ፍለጋ ወጥቶ አገኘ።

ይህ ልጅ ጆን ክሌር ነው። ዛሬ እንግሊዛውያን ስለ ገጠር ከጻፉ ባለቅኔዎቻቸው መካከል ከፊተኞቹ ተርታ ያስቀምጡታል። በዚህ ዓመት እትማችን ታሪኩን ልናቀርብላችሁ የወደድነው ግን በ48 ዓመቱ ስለ ሄደው ሌላ ጉዞ ብለን ነው። በዚያ ጉዞ የፈለገው የዓለምን መጨረሻ አልነበረም፤ ቤቱን ነበር። (በዚህ ጽሑፍ የሚገኙት ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

ክሌር የተወለደው ሐምሌ 13 ቀን 1793 ነው። አብራው የተወለደች መንትያ እኅት ነበረችው፤ እሷ ግን በሕፃንነቷ ሞተች። አባቱ በሰው ማሳ እየሠራ፣ እህል እየወቃ የሚያድር ድኻ ነበር፤ እናቱ ፊደል አልቆጠረችም። ወላጆቹ እንደ አቅማቸው በዓመት ጥቂት ወራት ያስተምሩት ነበር። የቀረውን ጊዜ ከብት ይጠብቃል፣ አረም ያርማል፣ ከአባቱ ጋር ይወቃል። በግሊንተን መንደር በቤተ ክርስቲያኑ ውስጥ በነበረው ትምህርት ቤት ሜሪ ጆይስ ከምትባል የገበሬ ልጅ ጋር ተዋወቀ። ወደዳት። በኑሮ ከሱ ከፍ ያለች ነበረችና ፍቅራቸው ለጋብቻ አልበቃም። ስሟ ግን እስኪሞት ድረስ ከልቡ አልወጣም።

በ13 ዓመቱ ገደማ ጄምስ ቶምሰን ስለ አራቱ ወቅቶች የጻፈውን የግጥም መጽሐፍ አየ። ሳንቲም አጠራቅሞ፣ የሚጠብቃቸውን ፈረሶች እንዲያይለት ለሌላ ልጅ አንድ ፔኒ ከፍሎ፣ መጽሐፉን ለመግዛት ወደ ስታምፎርድ ከተማ በእግሩ ሄደ። ሲመለስ በመንገድ ላይ ማንበቡ ሰው እንዳያይበት የበርሊ መኳንንትን የግንብ አጥር ዘሎ ገባና እዚያ ተቀምጦ አነበበ። የመጀመሪያ ግጥሙን ያሰበውም በዚያ ቀን ነው። ከዚያ ወዲህ በማሳው መካከል ባርኔጣውን እንደ ጠረጴዛ ጉልበቱ ላይ አድርጎ በብጥስጣሽ ወረቀት ይጽፍ ነበር። ወረቀቶቹን በግድግዳ ቀዳዳ ይደብቃል፤ እናቱ የጽሕፈት መለማመጃ እየመሰላት ለእሳት መለኮሻ ታውላቸዋለች። ግጥሙን ለወላጆቹ ሲያነብላቸው የሌላ ሰው ሥራ ነው እያለ ነበር፤ የኔ ነው ቢል እንዳይስቁበት ሰግቶ።

በ1809 የእንግሊዝ ፓርላማ የሄልፕስተንንና የአካባቢዋን መሬት የሚያሳጥር ሕግ አወጣ። ከዚያ በፊት ሰፋፊዎቹ ማሳዎች ያለ አጥር ነበሩ፤ የጋራ ግጦሽም ነበረ። ድኻ ላሙን ያሰማራበታል፣ እንጨት ይለቅምበታል፣ ልጅ ይቦርቅበታል። ሕጉ መሬቱን ለባለይዞታዎች ከፋፈለው። አጥር ተተከለ፣ የእግር መንገዶች ተዘጉ፣ ዛፎች ተቆረጡ፣ ወንዞች ቀጥ ብለው እንዲፈሱ ተደረጉ። ክሌር በልጅነቱ በነፃነት የሄደበት ሜዳ ማለፍ የተከለከለበት የሰው ንብረት ሆነ። ስለዚህ ነገር መጻፉን ዕድሜውን ሙሉ አልተወም። ሌላው ሰው አገሩን ለቅቆ ሲሄድ ይናፍቃል፤ ክሌር ግን ገና እዚያው ተቀምጦ ሳለ አገሩ ጥላው ሄደች።

በ1820 የኪትስ አሳታሚ የነበረው ጆን ቴይለር የክሌርን የመጀመሪያ መጽሐፍ ለንደን ላይ አወጣለት። መጽሐፉ በአጭር ጊዜ በተደጋጋሚ ታተመ። ገበሬ ግጥም ጻፈ ተብሎ ከተማው ተደነቀ፤ እሱን ለማየት እስከ ጎጆው የሚመጡ እንግዶች ከሥራ ያስፈቱት ጀመር። በዚያው ዓመት ማርታ ተርነርን አገባ፤ ፓቲ ብሎ ነበር የሚጠራት። ዝናው ግን ቶሎ በረደ። ቀጥለው የወጡት መጻሕፍት ያን ያህል አልተሸጡም። ልጆቹ እየበዙ፣ ዕዳው እየጨመረ፣ ጤናውም እየታወከ ሄደ።

በ1832 ወዳጆቹ የተሻለ ቤትና የአትክልት ቦታ በኖርዝቦሮ መንደር አገኙለት። ኖርዝቦሮ ከሄልፕስተን የምትርቀው ሦስት ማይል፣ ማለትም አምስት ኪሎ ሜትር ያህል ብቻ ነው። ለክሌር ግን ይህ ስደት ነበር። የሚያውቀው ዛፍ፣ የሚያውቀው ምንጭ፣ የሚያውቀው የወፍ ጎጆ ሁሉ ከኋላው ቀረ። ይህን የማይረዳ ሰው ሊስቅ ይችላል። እኛ ግን አገር የሚለካው በኪሎ ሜትር ብቻ አለመሆኑን ከቤታችን እናውቃለንና አልሳቅንም።

በ1837 አእምሮው ስለ ታወከ በለንደን አጠገብ በኤፒንግ ደን ውስጥ ሃይ ቢች በሚባል ስፍራ ዶክተር ማቲው አለን ወደሚያስተዳድሩት የሕሙማን ማቆያ ገባ። አያያዙ ለዘመኑ ርኅራኄ የነበረበት ነው፤ ሕሙማኑ በደኑ ውስጥ መዘዋወር ይፈቀድላቸው ነበር። ክሌር እዚያ አራት ዓመት ቆየ። አንዳንዴ ራሱን ሌላ ሰው አድርጎ ያስባል፤ ሜሪ ጆይስም ፓቲም ሚስቶቼ ናቸው ብሎ ያምናል። ናፍቆቱ ግን የእውነት ነበር።

በሐምሌ 1841 በደኑ ውስጥ ድንኳን ተክለው የሰፈሩ ጂፕሲዎች አገኘ። ከመካከላቸው አንዱ ደብቆ ሊያስመልጠው ቃል ገባለት። በቀጠሮው ሲሄድ ግን ሰፈሩ ባዶ ነበር፤ ያገኘው የተጣለ አሮጌ ባርኔጣ ነው። ባርኔጣውን በኪሱ ያዘ። ሐምሌ 20 ቀን፣ ማክሰኞ ዕለት፣ ብቻውን መንገድ ጀመረ። ስንቅ የለውም፣ ገንዘብ የለውም፣ የአንደኛው ጫማው ሶል ሊገነጠል ተቃርቧል። በፊቱ ያለው ከ80 ማይል በላይ፣ ማለትም ወደ 130 ኪሎ ሜትር ነው።

በኤንፊልድ በኩል ወጥቶ ከለንደን ወደ ሰሜን የሚወስደውን ታላቁን መንገድ ያዘ። በዚያው ቀን ማምሻ ስቲቨኔጅ ደረሰ፤ አጥር ዘሎ በአንድ ዳስ ውስጥ በተከመረ ድርቆሽ ላይ ተጋደመ። ከመተኛቱ በፊት አንድ ነገር አደረገ። ራሱን ወደ ሰሜን አድርጎ ተኛ፤ ጠዋት ሲነቃ በየት በኩል እንደሚሄድ እንዳይጠፋው። ሌሊት በሕልሙ ሜሪ አጠገቡ ተኝታ ሳለ አንድ ሰው መጥቶ ወሰደበት። ሲነጋ ተነሥቶ አምላኩን አመስግኖ መንገዱን ቀጠለ።

በሁለተኛው ቀን አንድ ፈረሰኛ ሥራ ያጣ የድርቆሽ አጫጅ መስሎት አንድ ፔኒ ወረወረለት። ክሌር አንሥቶ አመሰገነና በመንገድ ዳር ባለ መጠጥ ቤት ግማሽ ጣሳ ቢራ ገዛበት፤ ከከባድ ዝናብም ተጠለለ። ከዚያ ሁለት ከብት ነጂዎች ሲያገኝ ክፉ ቃል ተናገሩት። የሰው ፊት እሳት ነው እንዲሉ፣ ከዚያ ወዲያ ማንንም ፔኒ አልለመነም። ጠጠር በተቀደደው ጫማ እየገባ እግሩን አቆሰለው። ሌሊቱን በዛፎች ሥር ሊተኛ ሞከረ፤ ነፋሱ እንደ ወባ ሕመምተኛ አንቀጠቀጠው።

በሚቀጥለው ቀን በሴንት ኒዎትስ በኩል አለፈ። ሌሊቱን በደረቀ ቦይ ውስጥ ተኝቶ ሲነቃ አንድ ጎኑ ርሶ አገኘው። ረኀቡ ሲጠናበት ከመንገዱ ዳር ሣር ነጭቶ በላ፤ የዳቦ ጣዕም ያለው መሰለው። ስቲልተን ሲደርስ እግሩ እምቢ ብሎት በመንገዱ ዳር ተጋደመ። ሁለት ሴቶች ሲያልፉ አንደኛዋ አዘነችለት፣ ሌላዋ ያስመስላል አለች። እሱም ሁለቱንም ሰምቶ፣ ዘወር ብሎ ሳያያቸው፣ ተነሥቶ እያነከሰ ሄደ።

ወደ ፒተርቦሮ ሲቃረብ በጋሪ የሚያልፉ የቀድሞ ጎረቤቶቹ አወቁትና አምስት ፔኒ ጣሉለት። ዳቦና አይብ በላበት። ከተማውን አልፎ ወደ ዌሪንግተን ሲደርስ ሌላ ጋሪ መጣ፤ በላዩ አንድ ወንድ፣ አንዲት ሴትና አንድ ልጅ ነበሩ። ሴትየዋ ወርዳ እጁን ያዘችውና ወደ ጋሪው ልታስገባው ሞከረች። ክሌር ወይ ሰክራለች ወይ አብዳለች ብሎ አሰበ። ሚስትህ ፓቲ ናት አሉት። ዐርብ ሐምሌ 23 ቀን ቤቱ ገባ።

የፈለገው ግን ሜሪን ነበር። ሜሪ ጆይስ ባል ሳታገባ ከሦስት ዓመት በፊት በ1838 ሞታለች። ቢነግሩት አላመነም። ባመጣው ድካም ላይ ሆኖ፣ ገና ትዝታው ሳይቀዘቅዝ የአራቱን ቀን ጉዞ ከጫማው ጠጠር እስከ ሣሩ ጣዕም ጻፈው፤ ጽሑፉንም ለሜሪ አደረገው። በገዛ ቤቱ ተቀምጦ ቤት እንደሌለው ተሰማው። ከአምስት ወር በኋላ፣ በታኅሣሥ 1841፣ ወደ ኖርዝሃምፕተን የሕሙማን ማቆያ ተወሰደ፤ እስከ ዕለተ ሞቱም ከዚያ አልወጣም።

ይህን ታሪክ በክፍል ስናነብ ክርክር ተነሣ። አንዳንዶቻችን ክሌር ቤቱ አልደረሰም አልን፤ የሚፈልጋት ሴት ሞታለች፣ መንደሩ ታጥሯል፣ ያገኘውም ቤት ያደገበት አይደለም። ሌሎቻችን ደግሞ ቆይቶም ቢሆን ደርሷል አልን። እነሱ ያቀረቡት ማስረጃ ከዚያ በኋላ የሆነው ነው።

ክሌር በኖርዝሃምፕተን ከ22 ዓመት በላይ ሲኖር ወደ ከተማው ወጥቶ በታላቁ ቤተ ክርስቲያን ደጅ ይቀመጥ ነበር። የማቆያው ሠራተኛ የነበረው ዊልያም ናይት ግጥሞቹን እየገለበጠ አኖረለት። ግንቦት 20 ቀን 1864፣ በ70 ዓመቱ ሞተ። ያን ጊዜ ብዙ ሰው ረስቶታል። አስከሬኑ ግን ወደ ሄልፕስተን ተመልሶ በቤተ ክርስቲያኑ ግቢ ተቀበረ። በ1989 በለንደን በዌስትሚንስተር አቢ፣ የአገሪቱ ባለቅኔዎች በሚታሰቡበት ስፍራ፣ መታሰቢያ ተደረገለት። የተወለደበት ጎጆ ዛሬ ለጎብኚ ክፍት ነው። ኢያን ሲንክሌር የተባለ ጸሐፊ ያን የ1841 መንገድ በእግሩ ተከትሎ በ2005 መጽሐፍ አወጣ።

ለእኛ ደግሞ ሌላ ነገር አለ። ክሌር የጻፈው እናቱና ጎረቤቶቹ በሚናገሩት የመንደር ቃል ነው። የቀንድ አውጣ ቅርፊት በመንደሩ አፍ ፑቲ ነው፤ እሱም ፑቲ ብሎ ይጽፋል። አሳታሚዎቹ ቃሎቹን ሲያርሙበት ደስ አይለውም ነበር። መሬቱን አጥር ሲወስደው፣ የሜዳው ስም፣ የአበባው ስም፣ የወፉ ስም በወረቀት ላይ ቀረ። ዛሬ የሄልፕስተንን አሮጌ መልክ ማየት የሚፈልግ ሰው የሚሄደው ወደ እሱ ግጥሞች ነው። በትምህርት ቤታችን የቤት ቋንቋቸውና የትምህርት ቋንቋቸው ለየቅል የሆነ ልጆች ብዙ ነን። አያቶቻችን ለአንድ ወፍ ወይም ለአንድ ቅጠል የሚሉትን ስም ጠይቀን በደብተራችን ብንጽፍ ምን ያህል እንደሚተርፈን ከክሌር ተምረናል።

በየዓመቱ በሐምሌ፣ ክሌር በተወለደበት ወቅት፣ የሄልፕስተን ተማሪዎች የሜዳ አበባ ይለቅማሉ። አበባውን እንደ ትንሽ ትራስ አድርገው በመቃብሩ ዙሪያ ይደረድሩታል፤ የመንደሩ ሰው ቀድሞ በበጋ የሚያደርገውና ክሌርም የሚወደው ልማድ ነበር። የዓለምን መጨረሻ ሊያይ ወጥቶ የጠፋውን ልጅ መንደሩ ሁሉ ወጥቶ እንደ ፈለገው፣ እነዚህም ልጆች በየዓመቱ ይፈልጉታል። ክርክራችንን የዘጋነው እዚህ ላይ ነው። የሚፈልግህ ሰው ካለ ደርሰሃል አልን፤ ደወሉም ተደወለ።